ዜማና ዝናም

ሰው በዐይኑ ያየውን ቶሎ ይረሳል፤ በጆሮው ገብቶ ልቡን የነካውን ነገር ግን እስኪያረጅ ድረስ ይዞት ይኖራል። ስለዚህም የቀደሙት ሊቃውንት ሃይማኖቱንም፣ ታሪኩንም፣ ምክሩንም በዜማ አድርገው ለልጅ ልጅ አስተላለፉ። ዛሬ የአየሩ ጠባይ በመለወጡ፣ ዛፉና ወንዙም በመጥፋቱ በአገር ላይ የመጣው ችግር የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥርና በሠንጠረዥ ነው፤ ሰሚውም ቁጥሩን ሰምቶ ያልፈዋል። እንግዲህ በዚህ ነገር ዜማ ምን ሊያገለግል እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

የኢትዮጵያ ዜማ ከአየር ጠባይ ጋራ ያለው ዝምድና ዛሬ የተገኘ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ የደረሰው ድጓ የተደለደለው የዓመቱን አካሄድ ተከትሎ ነው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ባለው በዘመነ ክረምት ካህኑ ስለ ደመናና ስለ ዝናም፣ ስለ ዘርና ስለ ቡቃያ ይዘምራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀኖች ደግሞ በአባ ጽጌ ብርሃን ድርሰት የጽጌ ማሕሌት ይቆማል። ይህ ሥርዐት በተሠራ ጊዜ ዝናሙ በወራቱ እንደሚወርድ፣ አበባውም በወራቱ እንደሚፈነዳ የታወቀ ነበር። ካህኑ የክረምቱን ዜማ ጀምሮ ሳለ ሰማዩ ደመና ባያሳይ፣ ወይም ያለ ወራቱ የወረደ ዝናም የደረሰውን እህል ቢያበሰብስ፣ የዜማውና የሰማዩ መለያየት ከማናቸውም ጽሕፈት ይልቅ የሚያስደነግጥ ምስክር ነው።

ይህም በቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። በቦረና ጥልቅ ጕድጓዶች ጐልማሶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውኃውን በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ሲያወጡ፣ ሥራቸውን የሚመራው ዘፈን ነው። ውኃው በራቀ ቍጥር የሰዎቹ መሰላል ይረዝማል፤ ዘፈኑንም የሚቀባበሉት ብዙ ይሆናሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ 5 የዝናም ወራት በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ ግን እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከብት ያለቀበት ሰው ለማን ውኃ ይቀዳል? ለማንስ ይዘፍናል? ስለዚህ ድርቅ የሚገድለው ከብቱን ብቻ ሳይሆን ዘፈኑንም ጭምር ነው።

የራሱን ኀዘን ራሱ ያላዜመ ሕዝብ ሌላው ያዜምለታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት፣ የአስተዳደርም ጕድለት ተጨምሮበት ረኀብ አገሩን በመታ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ዘፋኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ያወጡት ዘፈን ርእሱ ሰዎቹ የልደትን በዓል ያውቁ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነበር። እርዳታውን የጫኑ አውሮፕላኖች በቦሌ አርፈዋል፤ የብዙ ሰው ነፍስም ድኗልና ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ከ1400 ዓመት በላይ ልደትን በያሬድ ዜማ ሲያከብር የኖረ አገር እንደዚህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት፣ የገዛ ድምፁ ከደጁ አልፎ ስላልተሰማ ነው።

በሌላ አገር ይህ ጥበብ በአዲስ መንገድ እየተሞከረ ይገኛል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዳንኤል ክሮፎርድ በ2005 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1880 እስከ 2012 የተመዘገበውን የምድር ሙቀት ወስዶ፣ እንደ መሰንቆ በደጋን ለሚመታው ሴሎ ለተባለው መሣሪያ ዜማ አደረገው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ድምፅ ተሰጠው፤ የቀዘቀዘው ዓመት ወፍራም፣ የሞቀው ዓመት ቀጭን ሆነ። ዜማውም ወደ ዘመናችን በቀረበ መጠን እየቀጠነና እየጮኸ ሲሄድ፣ ሠንጠረዥ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ነገሩን ያስተውለዋል።

ለዚህ ዐይነት ሥራ የሚሆነው ነገር በአዲስ አበባ ሞልቶ ይገኛል። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ሙቀቱንና ዝናሙን ብዙ ዐሥር ዓመታት መዝግቧል። የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ሰነድም የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ያህል ከፍ ማለቱን ገልጿል። ይህ መዝገብ ለያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ለድጓ መምህራን ቢሰጥ፣ በበገና፣ በመሰንቆና በዋሽንት የሚነገር የዘመኑ ታሪክ ሊወጣው ይችላል።

ሆኖም መሣሪያው ራሱ የምድር ፍሬ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በገና ብዙ ጊዜ ከዋንዛ ይጠረባል፤ ከበሮም ከግንድ ይፈለፈላል። በሰው ዕድሜ ውስጥ እህል ሲዘራባቸው የነበሩት በቦሌ ቡልቡላ፣ በቦሌ አራብሳና በአያት በኩል ያሉት ሜዳዎች ዛሬ ቤትና አስፋልት ሆነዋል። ከተማ ማደጉ አይነቀፍም። ነገር ግን ዝናሙን ይውጠው የነበረው አፈር በሲሚንቶ ሲከደን ውኃው ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ ቀበናና ትልቁ አቃቂም የከተማውን እድፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማውን ከማገዶ ችግር አድኖታል፤ የዋንዛን፣ የጽድንና የወይራን ስፍራ ግን ሊተካ አይችልም።

ዜማ ዝናም አያዘንምም፤ ዛፍም አይተክልም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሥራ የሌለው ዘፈን ከንቱ ጩኸት ነው። ልብ ያልገባበት ሥራ ደግሞ አይጸናም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ የተተከለው ችግኝ ሁሉ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ሰውም የሚጠብቀው የወደደውን ነው።

ስለዚህ ሹማምንት በምሥራቁ የከተማ ክፍል በወንዝ ዳርና በየሰፈሩ ለአገር በቀል ዛፍ ስፍራ ይከልሉ። የየደብሩ አለቆችም በአዲስ ሕንፃ ምክንያት የቅጥሩን ዛፍ ከማስቈረጥ ይጠበቁ። ገድሉ እንደሚነግረው ያሬድ ከትምህርቱ ሸሽቶ በሄደ ጊዜ ያጽናናችው በዛፍ ላይ ደጋግማ የወጣችው ትል ናት፤ ዜማውንም የሰማው ከአዕዋፍ ነው። ዛፍ ከሌለ ትሏም የምትወጣበት፣ ወፎቹም የሚያርፉበት የለም። ዜማውን የወረሰ ትውልድ ዛፉንም ለልጆቹ ማውረስ ግዴታው ነው።