ደራሲውን ምን እንጠይቀው?

ደራሲ ወይም ሠዓሊ ወደ አዳራሻችን በተጋበዘ ቁጥር የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «የት ተወለዱ?» «የድርሰትዎ መልእክት ምንድን ነው?» «ለወጣቱ ምን ይመክራሉ?» ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ሻይ። ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው ሳይኖር እንግዳው ወደ ቤቱ ይሄዳል። አናጢ ጠርተን ስለ እንጨቱ ሳንጠይቀው እንሰደው ነበርን?

መልእክቱንስ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል፤ ካልተናገረ ደግሞ ደራሲው መድረክ ላይ ወጥቶ ቢያብራራው ምን ይጠቅማል? መጽሐፉ የማይነግረን የተሰረዘውን ምዕራፍ፣ የተለወጠውን ፍጻሜ፣ ብዕር አልንቀሳቀስ ያለበትን ወር ነው። ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ አዘውትሮ የሚወራው አርበኝነታቸው፣ በጣሊያን አገር መታሰራቸውና አምባሳደርነታቸው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ 38 ዓመት ነበር። ጉዱ ካሣ በደራሲው እጅ እንዴት እንዳደገ ለመጠየቅ ይህ ጊዜ ያንሳል?

ጠያቂ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር ማለቴ አይደለም። ሬይዱልፍ ሞልቬር የተባለው ኖርዌያዊ ደራሲዎቻችንን እየፈለገ አነጋግሮ፣ ታሪካቸውን በ1997 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ በታተመ ትልቅ መጽሐፍ አስቀምጦልናል። (ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው ሲተጋ የሠፈሩ ልጅ ምን ይሠራ ነበር?) ዘነበ ወላም ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጋር ያወጋውን «ማስታወሻ» ብሎ ባያሳትመው ኖሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ስብሐት ሲሞት ያ ሁሉ ወግ አብሮት በተቀበረ ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። አንዱ ሐሳብ ወደ ሸራ፣ ሌላው ወደ ወረቀት የሚሄደው በምን ተለይቶ ነው? በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በስደት ሞተ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ሥዕሉን እንጂ መልሱን አያሳየንም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ በ1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። ከዚያ በፊት ያልተጠየቀው ሁሉ ሳይጠየቅ ቀረ።

ደራሲዎቹ ራሳቸው መልስ ይሸሻሉ የሚል አለ። እውነት ነው፤ «እንዴት ይጽፋሉ?» ቢሏቸው «እንዲያው ይመጣል» ብለው ያልፋሉ። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ነው። መጽሐፉን ይዞ፣ ገጹን ገልጦ፣ «ይህቺ ሴት እዚህ ላይ ለምን ዝም አለች? መጀመሪያ ምን ተናግራ ነበር?» ያለውን ጠያቂ ግን በቀላሉ አይሸሹትም። ለዚህም አስቀድሞ መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ችግራችንም የሚጀምረው ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ድምፅ መቅጃው ዛሬ በየኪሳችን በስልካችን ውስጥ አለ። ማኅበራችን በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ሲጠራ መጽሐፉን ያነበቡ ሦስት ተማሪዎች ይመደቡ፤ የተባለው ሁሉ ተጽፎ አንዱ ቅጂ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ሻዩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።