መስካሪዋ አይጥ

ባለፈው እሑድ በአገው ምድር፥ ከእንጅባራ ከተማ አቅራቢያ ባለው በዘንገና ሐይቅ ዳር ከአንድ ተማሪ ወዳጃችን ጋር ተቀምጠን ስንጫወት፥ «የምታበራ አይጥ ሠሩ የሚባለው እውነት ነውን? እውነትስ ቢሆን ለእኛ ምን ይበጀናል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙ ወጣቶች መስሎ ስለ ታየን ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመልሰው አሰብን።

ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አይጧ ኩራዝ ሳትሆን ምስክር ናት። በሕዋስ ውስጥ ያለው ዘረመል ተቆርጦ ሲቀጠል ዐይን አያየውም። ሊቃውንቱ ይህን ለማወቅ፥ ልዩ ብርሃን ሲያርፍበት ቀልቶ የሚታይ ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን በአይጧ ዘረመል ውስጥ ያስገባሉ፤ ከፊቱም ሥራውን የሚያግድ ቁራጭ ያኖራሉ። ይህ ቁራጭ በግራና በቀኝ «ሎክስ ፒ» በሚባሉ፥ እያንዳንዳቸው 34 የዘረመል ፊደላት ባሏቸው ምልክቶች ይታጠራል። ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ የተገኘው «ክሪ» የተባለው ኢንዛይም ሁለቱን ምልክቶች ሲያገኝ በመካከል ያለውን ቆርጦ ያወጣና ጫፎቹን መልሶ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ሕዋሱ ይቀላል፤ ከእርሱ የሚወጡትም ሕዋሳት ምልክቱን ይወርሳሉ። የአይጥን ጂን መርጦ ለመለወጥ መንገድ የከፈቱት ካፔኪ፥ ኤቫንስና ስሚዚስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት መቀበላቸው የሥራውን ክብደት ያስረዳል።

ሆኖም ምስክር ሊሳሳት ይችላል። ክሪ ባልታሰበ የሰውነት ክፍል ሲሠራ፥ ወይም ገና በጽንስነት ጊዜ ሲነቃ፥ ያልተፈለገው ሁሉ ይቀላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ክሪ የሌላትን አይጥ ጎን ለጎን ይመረምራል፤ እርሷም ቀልታ ከተገኘች ምስክርነቱ አይጸናም።

ለእኛስ ምን ይበጃል? ከደጋው ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርደው ወጣት ካላዛር ይዞት፥ ጣፊያው አብጦ፥ ሰውነቱ መንምኖ የሚመለስበት ጊዜ አለ። በሽታውን የምታመጣው ሌሽማንያ የተባለች ደቂቅ ተሐዋሲ ስትሆን፥ የምታስተላልፋትም የአሸዋ ዝንብ ናት። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ምርምር የእርሷን ዘመድ የሆነች ሌላ ሌሽማንያ መርምሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ አንዱን ዘር ለአንድ መድኃኒት፥ ሁለተኛውን ለሌላ መድኃኒት እንዳይበገር አድርገው በዝንቧ ሆድ ቢያገናኟቸው፥ ሁለቱንም መድኃኒት የሚቋቋም ልጅ ተገኘ። ይህም እንደ አይጧ ያለ የምስክር ዘዴ መሆኑ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ከኢትዮጵያ በተወሰዱ የካላዛር ተሐዋስያን መካከል በተፈጥሮ የተዳቀሉ መኖራቸውን አሳይቷል። እንዲህ ከሆነ፥ መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይ በመዳቀል ሊተላለፍ ይችላልና ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አገራችን ልውጥ ሕያዋንን የምትቆጣጠርበት አዋጅ ቁጥር 655 በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ፥ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሏል። ነገ እንዲህ ያለችውን አይጥ ለማስገባት የቀረበ ማመልከቻ ከአንድ ወጣት ሹም ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ይሆናል። ሹሙ በፍርሃት አይመልሰው፤ በአድናቆትም አይፈርምበት። አይጧ ስለ ምን ትመሰክራለች? ማነጻጸሪያዋስ የት አለች? እንዳታመልጥ በምን ትጠበቃለች? ብሎ ይጠይቅ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዞ የሚቀርበው ደግሞ የዛሬው ተማሪ ነውና፥ የዘንገናው ወዳጃችን ከወዲሁ ይዘጋጅ እንላለን።