ጋኑ አንድ ነው፣ መቅጃው ግን በዛ

በከተማችን ጥልቅ ጉድጓድ በተመረቀ ቁጥር ዜናው አንድ ዓይነት ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ቧንቧ ይከፈታል፣ «በቀን ይህን ያህል ሺህ ሜትር ኪዩብ» ይባላል፣ ጭብጨባ ይከተላል። በ2014 ዓ.ም. የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የከርሰ ምድር ውሃ ፕሮጀክት ሲመረቅ የተነገረን ቁጥር 86 ሺህ ሜትር ኪዩብ ነበር። ሥራውን አላጣጥልም። ኮተቤ፣ ካራ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ያለ ነዋሪ ፈረቃ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሌሊት ስምንት ሰዓት «ውሃ መጣች!» ሲባል ተነስቶ ጀሪካን ለሚደረድር ሰው «ጉድጓድ አይቆፈር» ብዬ አልሰብክም።

የምለው ሌላ ነው። በምርቃት ዜና ላይ ሰምቼው የማላውቀው ቁጥር አለ። ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ከመሬት በታች ስንት ሜትር ላይ ነበር? ከአምስት ዓመት በኋላስ ስንት ሜትር ላይ ይሆናል? የጎረቤቱን ጉድጓድ ስንት ሜትር ያወርደዋል? ዜናው እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱን ውሃ ይዞ የተወለደ ያስመስለዋል። አቃቂ ይህን ያህል፣ ለገዳዲ ይህን ያህል፣ ደቡብ አያትና ሰሜን ፋንታ ይህን ያህል፣ ድምር ይህን ያህል። ድግስ ቤት ገብታችሁ አንዱ በጣሳ፣ አንዱ በጆግ፣ አንዱ በማንቆርቆሪያ ከአንድ ጋን ጠላ ሲቀዱ ብታዩ «ዛሬ ሦስት ጋን ጠላ አለ» ትላላችሁ?

«ጋኑ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምናልባት ሁለት ይሆናል፣ ምናልባት ከታች በስንጥቅ የተገናኙ አራት። ይህን የሚነግረን መሣሪያ ግን አለ፤ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት ሞዴል ይባላል። ዛሬ የምከራከረው ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። ከጫፉ ወደ ሰሜን የወረደ ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ወደ ደቡብ የወረደው በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች አቃቂ ገብቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። የተራራው ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ አቃቂ ሜዳው 2,100 ገደማ። ከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ደቡብ የሚገፋው ይህ ቁልቁለት ነው። ድንጋዩ እሳተ ገሞራ የጣለው ስለሆነ ስንጥቅ ባለበት ያሳልፋል፣ በሌለበት ይዘጋል። አንዱ ግቢ ውሃ ሲወጣ አጥሩ ማዶ ደረቅ ጉድጓድ ሊገኝ የሚችለው ለዚህ ነው። ደግሞ ከላይ ያየነው ድንበር ከታች ላይሠራ ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በላይኛው አዋሽ ላይ የተሠራ ጥናት ጥልቁ ውሃ ከዓባይ ተፋሰስ ወደ አዋሽ እንደሚሻገር አመልክቷል። ማለትም የእኛ ጋን ከእንጦጦ ጀርባም ይሞላል።

ይህን ሁሉ በጭንቅላት ይዞ ማስላት የሚችል ሰው የለም። ሞዴል የሚሠራው ይህንን ነው። አካባቢውን እንደ ዳማ ገበታ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፍሉታል። ለእያንዳንዷ ቤት ከፍታዋን፣ ድንጋዩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙን፣ ከክረምቱ ዝናብ ስንቱ እንደሚሰርግ፣ ወንዝ ካለ ወንዙን፣ ጉድጓድ ካለ በቀን የሚቀዳውን ይሰጧታል። ኮምፒውተሩ ከአንዷ ቤት ወደ ጎረቤቷ ስንት ውሃ እንደሚያልፍ ያሰላል። ውጤቱ በእውነተኛ ጉድጓዶች ከተለካው ጋር እስኪቀራረብ ይታረማል። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው፤ «እዚህ ጋ አሥር ጉድጓድ ብንጨምርስ?» ብላችሁ መሬት ሳትቆፍሩ ትጠይቁታላችሁ።

ቅንጦት አይደለም። መሠረቱ የሆነውን ሕግ ሄንሪ ዳርሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ያሳተመው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም የዲዦን ከተማን የውሃ አገልግሎት በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ። የአንድ ከተማ ቧንቧ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ዓለም የሚጠቀምበትን ሞድፍሎ የተሰኘ ፕሮግራም ደግሞ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ካወጣው ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በነጻ ነው የሚወርደው። ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ወጪ ጋር ሲነጻጸር የሞዴል ዋጋ የሻይ ቡና ነው።

ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ተናለም አየነውና ዶክተር ሞላ ደምሌ ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የአቃቂን ተፋሰስ፣ ማለትም አዲስ አበባን በሙሉ፣ በሞዴል ሠርተው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ያገኙትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ውሃው ወደ ደቡብ ሄዶ ትልቁ የጉድጓድ መስክ ላይ ይሰበሰባል። የሚቀዳው ከጨመረ የውሃው ወለል በሰፊው ይወርዳል። ሲወርድ ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸው የእጅ ጉድጓዶች ይደርቃሉ። የመጨረሻው ነው የሚያስፈራው፤ ከዋና ዋናዎቹ ወንዞች አጠገብ ፍሰቱ ሊገለበጥና የተበከለው የወንዝ ውሃ ወደምንጠጣው ሊገባ ይችላል። አቃቂ ወንዝ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚሸት ላስረዳችሁ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ምን ተደረገ? ቁፋሮው ጨመረ። ዛሬ ከተማዋ ከምታገኘው ውሃ ከግማሽ በላይ ከከርሰ ምድር ነው። በገፈርሳ፣ በለገዳዲና በድሬ ግድቦች ስንኖር ጋኑ ሲጎድል በዓይናችን እናይ ነበር፤ ግድብ ሲጎድል ዳርቻው ይታያል። የከርሰ ምድሩ ግን ካልለኩት አይታይም። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ፓምፑ አየር ሲስብ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሰንዓን ታሪክ ማየት ይበቃል፤ ያኔ በእጅ ተቆፍሮ ይገኝ የነበረ ውሃ ዛሬ በመቶ ሜትሮች ወርደው ይፈልጉታል።

ወደ የካ ልመለስ፤ የጋኑ አፍ እዚህ ነውና። ዝናቡ የሚሰርገው በእንጦጦና በየካ ተራሮች ወገብ ነው። ያ ወገብ ባለፉት ዓመታት አስፋልት፣ ኮንክሪትና ቪላ ለብሷል። የጫካ ፕሮጀክት እዚያው የካ ተራራ ላይ ይገነባል። ባሕር ዛፉ በአገር በቀል ዛፍ ሲተካ የሚሰርገው ውሃ ይጨምር ይሆናል፤ ጣሪያና መንገድ ሲበዛ ደግሞ ይቀንሳል፣ ጎርፉም ቀበናን ይዞ ይወርዳል። የተጣራ ውጤቱ ትርፍ ነው ኪሳራ? እነዚህ ግንባታዎች ሲፈቀዱ ይህን ጥያቄ ለሞዴል ያቀረበ አካል ካለ ውጤቱን ያሳየን። ቀድመው የሚደርቁት ምንጮችና የእጅ ጉድጓዶች ናቸው፤ ሮቶ የሌለው፣ ቦቴ ማስመጣት የማይችለው ሰው የሚደገፍባቸው። ጸበሉም ምንጭ መሆኑን አንርሳ።

«ሞዴል ግምት ነው፣ መረጃችንም ደካማ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እውነት ነው፤ ስንጥቅጥቅ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ደግሞ ይብሳል። ግን ያለ ሞዴል የሚቆፍርም እየገመተ ነው፤ ልዩነቱ ግምቱን ወረቀት ላይ ስላላሰፈረው ሲሳሳት አንይዘውም። መረጃው ደካማ ከሆነ መልሱ መለካት ነው። የማይቀዳበት፣ የውሃው ከፍታ ብቻ የሚለካበት የመከታተያ ጉድጓድ የሚፈልገው መለኪያ ገመድና በወር አንድ ጊዜ የሚሄድ ሰው ነው።

ሕጉም አለን። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ከእጅ ጉድጓድና ከመሳሰሉት ጥቂት በቀር ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲያው ሆቴሉም፣ ፋብሪካውም፣ ሪል ስቴቱም፣ ውሃ አሻጊውም፣ ከተማ አስተዳደሩ ራሱም ፈቃድ ሲጠይቅ አንድ ገጽ የሞዴል ውጤት ይያያዝ፤ ይህ ጉድጓድ በአሥር ዓመት ጎረቤቶቹን ስንት ሜትር ያወርዳል የሚል። ለገዳዲ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ስለሆነ ሞዴሉ የሁለቱም አስተዳደሮች መሆን አለበት። ውሃው የወሰን ድንጋይ አያውቅም፤ ጉድጓዱ አጠገብ የሚያርሰው ገበሬም ምንጩ ለምን እንደጎደለ የማወቅ መብት አለው።

ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ውድ አይደለም። የፈረቃ ፕሮግራሙን በምትለጥፉበት በዚያው ገጽ በየወሩ ሦስት ቁጥር ጨምሩልን፤ ከእንጦጦ ግርጌ በየካ፣ በለገዳዲና በአቃቂ የውሃው ወለል ስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ ሞዴሉ ስንት ይሆናል ብሎ እንደነበር ከጎኑ ጽፋችሁ።