ከዝውውር የወጣ ብር ዋጋ የለውምን?

በኮልፌ አጣና ተራም ሆነ በሌላው ገበያ፣ አሮጌ ካዝና ሲከፈት ከዝውውር የወጣ ብር መገኘቱ አይቀርም። አንዳንዱ ነጋዴ «አይመነዘርም» ብሎ ይጥለዋል፤ ሌላውም ዋጋውን ሳይጠይቅ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጠዋል። ሁለቱም ልማድ የሚበጅ አይመስለኝም።

የአቢሲንያ ባንክ የመጀመሪያውን የወረቀት ገንዘብ በ1907 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ ነጋዴው የሚያምነው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው ገንዘብ ደግሞ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ይባል ነበር፤ የእንግሊዝኛው ስም የቀረው በ1969 ዓ.ም. ነው። ስለዚህም የዚያን ዘመን የዕቃ መግዣ ሰነድ የሚመረምር ሰው የኢትዮጵያን ዶላር ከአሜሪካው እንዳያምታታ ብሩ ራሱ ምስክር ይሆነዋል። በዚያ ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበርና ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ሲለወጡ ብዙ መደብሮች አሮጌውን ሁሉ ለባንክ አስረከቡ። ከየዓይነቱ አንዳንድ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ግን 160 ብር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያገኘነውን አሮጌ ብር አንጠበው፣ አንተኩሰው፣ በፕላስተርም አንጠግነው፤ ይህ ሁሉ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋውን ይቀንሰዋልና። ከዘመኑ ደረሰኝ ጋር በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለን፣ ከፀሐይና ከርጥበት አርቀን፣ የተገኘበትን ስፍራ ጽፈን እናኑረው። ንግድ ምክር ቤታችንም በአባሎቹ እጅ ያለውን የሚመዘግብበት አንድ መዝገብ ቢከፍት፣ ተተኪው ነጋዴ የአባቱን ሒሳብ አንብቦ ለመረዳት ይችላል።