ተማሪው ቀበሌ ቢወርድ ምን ከሰርን?

ሰሞኑን የታተመ አንድ አስተያየት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ለመስክ ጥናትና አገልግሎት ወደ ኅብረተሰቡ መላክ ጊዜና ነዳጅ መጨረስ ነው ይለናል። ጥናቱ መደርደሪያ ያሞቃል፤ ሕዝቡም መጠይቅ ሰልችቶታል ባይ ነው።

በጊዜው እንጀምር። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1940ዎቹ ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን በቡድን ለገጠር ያሠለጠነው ሥራ ፈትቶ አልነበረም። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው ያደረገው ነዳጅ ተርፎት አይደለም። ውኃ የሚቀዳበትን መንገድ በእግሩ ያልለካ ሐኪም እከክ ለያዘው ሰው «ገላህን ቶሎ ቶሎ ታጠብ» ብሎ ያዝዛል፤ እከኩ ግን እዚያው ነው።

ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ከቀረስ ጥፋቱ የማን ነው? ቤት ለቤት ዞሮ መጸዳጃ ቤት የቆጠረው፣ የሕፃናትን የክትባት ካርድ ያገላበጠው ተማሪ ነው ወይስ ሪፖርቱን ተቀብሎ ለወረዳው ያላደረሰው ቢሮ?

ሕዝቡ የሰለቸውም መጠይቁን ሳይሆን ጠይቆ በዚያው የሚጠፋውን ነው። እናም ተማሪውን ክፍል ውስጥ መቆለፍ መፍትሔ አይሆንም። ይልቁንስ የጥናቱን ውጤት ለቀበሌው ነዋሪ ተመልሶ ሳያስረዳ ነጥብ አይያዝለት።