ማየትና መሰረዝ ለየቅል

የሠርጉ ቪዲዮ፣ የልጆቹ የክርስትና ፎቶ፣ የቤቱ ካርታ፣ የፓስፖርት ኮፒ። ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማስቀመጥ እንደ ሲኖሎጂ ያለ አነስተኛ ሰርቨር ገዝታችሁ ከዋይፋይ ራውተሩ ጋር ያገናኛችሁ፣ ወይም አሮጌ ዴስክቶፕ ለዚሁ ያዋላችሁ ቤተሰቦች፣ የዚህ ወር ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ፓስዎርዱን ስንት ሰው ያውቀዋል?

መልሱ «ሁላችንም» ከሆነ የስድስት ዓመቱ ልጅም የሠርጉን ቪዲዮ መሰረዝ ይችላል ማለት ነው። ላፕቶፓችን ላይ ያለ ፋይል ሲሰረዝ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቆያል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ተገብቶ በኔትወርክ ከተጋራ ፎልደር የተሰረዘ ፋይል ግን እዚያ አይገባም፤ በዚያው ይጠፋል። «የእኛ ሰርቨር ሁለት ዲስክ አለው» የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ዲስክ የሚጠቅመው አንደኛው ሲበላሽ ነው። የተሰረዘውንማ እሱም ወዲያው ተከትሎ ይሰርዘዋል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ከፍቶ በየፎልደሩ ፈቃድ መስጠት ነው። ምርጫው ሦስት ነው፤ ማንበብ ብቻ፣ ማንበብና መጻፍ፣ ወይም ክልከላ። ልብ በሉ፤ «መጻፍ» መሰረዝንም ይጨምራል። ስለዚህ የፎቶው ፎልደር ለሁሉም ማንበብ ብቻ ይሁን፤ የሚጽፍበት አንድ ሰው ይበቃል። ሌላው አዲስ ፎቶ የሚጥልበት «ማስገቢያ» የሚባል ፎልደር ይከፈትለት፤ ኃላፊው ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ እያነሳ ቦታ ቦታ ያስይዘዋል። ካርታና ፓስፖርት ያለበት ፎልደር ለባልና ለሚስት ብቻ ይከፈት፤ ግን ለሁለቱም። አንዱ መንገድ ላይ ወይም ሆስፒታል እያለ ሰነዱ ሊፈለግ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው። በሲኖሎጂ ፈቃዶች ሲጋጩ የሚያሸንፈው ክልከላው ነው። ሁሉም አባል በሆነበት «ዩዘርስ» ግሩፕ ላይ ክልከላን ከመረጣችሁ ወላጆችም ደጅ ትቀራላችሁ። ሳጥኑን ባዶ መተው ይበቃል፤ ያልተፈቀደለት አይገባም። ሰርቨሩ ለየፎልደሩ የሚሆን የራሱ ሪሳይክል ቢንም አለው፤ አብሩት። በዊንዶውስ ዴስክቶፕ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው «ሼሪንግ» እና «ሴኩሪቲ» በተባሉ ሁለት ቦታዎች ነው፤ በኔትወርክ ለሚገባ ሰው የሚሠራው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ነው።

በአድሚን አካውንት ፎቶ ለማየት አትግቡ። ላፕቶፓችሁን ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢይዘው፣ የሰርቨሩን ፋይሎች የሚነካው በገባችሁበት አካውንት ፈቃድ ልክ ነው።

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ፎልደርስ? እኔ የራሷ ብቻ ይሁን ባይ ነኝ። ሆኖም አድሚኑ የማንኛውንም ፎልደር ፈቃድ መቀየር እንደሚችል ሳትደብቁ ንገሯት።

ስትጨርሱ በትንሹ ልጅ አካውንት ግቡና ከፎቶው ፎልደር አንድ የማይፈለግ ፎቶ ለመሰረዝ ሞክሩ። እሺ ካለ የሆነ ቦታ ሰፋ ያለ ፈቃድ ቀርቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ያለበት ግሩፕ ላይ ነው።