ዋዛ ዋዛ አይደለም!

በአማርኛ «ዋዛ» ማለት ቀልድ ነው። በአሶሳ ግን ሌላ ነው፤ የበርታ ሕዝብ ከቅል ገጣጥሞ የሚሠራው ረዥም መለከት ነው። አንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ነፊ ተራውን ጠብቆ ይነፋል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ከብዙዎቹ ትንፋሽ አንድ ዜማ ይወለዳል። ለብቻው ዜማ የሚያወጣ ነፊ የለም።

የፊልም ቅንብርም ይኸው ነው እንላለን። አንድ ቀረጻ ትርጉሙን የሚያገኘው ከጎኑ ካለው ቀረጻ ነው። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የአንድን ተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። ተመልካቹም ያንኑ ፊት አንዴ የራበው፣ አንዴ ያዘነ ነው አለ ይባላል። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚለን ካለ ወደ ቤታችን እንመለስ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ ግን እንደነበረ አይደለም። በረሃብተኛው መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ ተቀጠለበት። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ዙፋኑን መቀስ ጣለው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ረሃቡም እውነት፣ ድግሱም እውነት ሆኖ ሳለ ሁለቱን ያጣበቀው እጅ ሦስተኛ ነገር ተናገረ፦ ፍርድ! ታዲያ መቀስ የያዘ ሰው «እኔ የማውቀው ማሽኑን ብቻ ነው» ሊል ይችላልን?

አሁን ወደ ክልላችን። ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተቀናበረ አንድ ፊልም ተሰብስበን አየን። ሁለት ሰከንድ ጉንጭ፣ ሁለት ሰከንድ እግር፣ ሁለት ሰከንድ ቅል፤ ከዚያ የጉሙዝ ጭፈራ፣ ከዚያ ወርቅ ሲታጠብ፣ ከዚያ ጉባ ላይ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ግድብ። ድምፁስ? ከስቱዲዮ የመጣ ኪቦርድ! አብሮን ያየ የበርታ ልጅ «ሲነፉ አያለሁ፤ የሚነፉትን ግን አልሰማም» አለ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ምን አለን? ሕዝቡ ጌጥ ነው፣ ቁም ነገሩ ወርቁና ውሃው ነው አለን። ይህን በቃል የሚናገር ቢገኝ እንቆጣ ነበር፤ በመቀስ ሲነገረን ግን አጨበጨብን።

«ረዥም ቀረጻ ተመልካች ያሰለቻል» ይሉናል። ኧረ እንዴት? ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ገበሬውን በችኮላ አያልፈውም፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። የገበሬ ድካም በሁለት ሰከንድ አይገባማ! ፈጣን ቅንብርንም የምንጠላ አይደለንም። ኤይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1925 በ«የጦር መርከብ ፖተምኪን» የኦዴሳን ደረጃ ጭፍጨፋ በአጫጭር ቁርጥራጮች ሠርቶ ሰዓቱን አስረዝሞታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራ ነበረው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ድምፁ አይቆረጥ፤ ዋዛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባንድ ቅጂ ይቀዳና ምስሉ በዚያ ላይ ይቀያየር። ሁለተኛ፣ ሰፊው ቀረጻ ይቅደም፤ ማን ከማን ጎን እንደቆመ ሳናውቅ ጉንጭ ብቻውን ምን ይሠራልናል? ሦስተኛ፣ ካሜራው ከነፊዎቹ ባንድ ወገን ይቁም፤ መስመሩን ከዘለለ ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው ሰው ድንገት ወደ ግራ ሲሄድ ይታያል። አራተኛ፣ ከነፊ ወደ ነፊ የሚቆረጠው ተራው ሲተላለፍ ይሁን። አምስተኛ፣ የተቀረጹት ሰዎች ፊልሙ ሳይወጣ ይዩት፤ ዜማው የት ላይ እንደተሰበረ ከነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ራሳችንንም እንሂስ። ዛሬ መቀሱ በየኪሳችን ነው፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ይቆርጣል። እኛም ለበዓል በሠራናት አጭር ፊልም ዋዛውን ዝም አሰኝተን የሰፈር ዘፈን ጭነንበታል። ያን ዕለት ያደነቀን ብዙ ነበር፤ ያፈርነው ግን ዛሬ ነው።

የሚቆርጥ እጅ አስቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ይኑረው! ዋዛ ዋዛ አይደለም!